የሰዓትን ጀርባ ለመክፈት ቢላ አናንሣ

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው። ስፋቷ ከአንድ ሳንቲም ብዙም የማይበልጥ የእጅ ሰዓት የጀርባ ክዳን ናት። ይሁን እንጂ በዚህች ክዳን የተነሣ ስንት ሰዓት እንደተበላሸ፣ ስንት ጣትም እንደተቆረጠ ብዙው ቤተሰብ ያውቀዋል። እኛም ከእነዚህ አንዱ ስለሆንን ከራሳችን ስሕተት እንጀምራለን።

አባታችን ከዚህ ዓለም ሲለዩ ለእኛ የደረሰን አንድ የእጅ ሰዓት ነበር። ብዙ ዋጋ የሚያወጣ አይደለም። ብረቱ የደበዘዘ፣ ጀርባው ላይ የስማቸው የመጀመሪያ ፊደል የተቀረጸበት ሰዓት ነው። የክፍለ ጊዜን መግቢያና መውጫ የምናውቀው በእርሱ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሰዓቱ ቆመ። ድንጋዩ እንዳለቀ ገባን። «ለዚህች ደግሞ መርካቶ ድረስ ምን አስኬደን?» ብለን ከማድ ቤት ስል ቢላ አነሣን። ጠርዙን ፈልገን፣ የቢላውን ጫፍ ሰንቅረን ገፋን። ክዳኑ ንቅንቅ አላለም። ቢላውን ትተን በመቀስ ጫፍ ሞከርን። በሦስተኛው ግፊት መቀሱ አዳለጠና በፊደሉ ላይ ረጅም ጭረት ጥሎ ግራ መዳፋችን ላይ ተሰካ።

እጃችንን በጨርቅ ጠምጥመን ሰዓቱን መርካቶ ለሚሠሩ አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ወሰድነው። ሰውየው ማጉያ መነጽራቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ሰክተው ጀርባውን አዩት። ቀጥሎ የተጠቀለለውን እጃችንን አዩ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ የሚዞር ነው። አንተ ልትፈለቅቀው ነው የታገልከው» አሉን። ከመሳቢያቸው አንዲት የጎማ ኳስ አውጥተው ክዳኑ ላይ ጫን አደረጓትና ወደ ግራ አዞሩ። ክዳኑ እንደ ጠርሙስ ክዳን ተፈታ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሰዓቱ ዛሬም ይሠራል። ጭረቱም ዛሬም አለ።

እንግዲህ በዚያን ዕለት የተማርነው ቁም ነገር ይህ ነው፦ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ጀርባውን ማንበብ ያስፈልጋል። ርካሽ መሣሪያ ማለት ዋጋው ያነሰ ማለት ሳይሆን ለያዝነው ሰዓት የሚስማማ ማለት ነው። የማይስማማ መሣሪያ በነጻ ቢገኝ እንኳ ውድ ነው።

መክፈት ለምን ያስፈልጋል?

ከዛሬዎቹ የእጅ ሰዓቶች አብዛኞቹ በድንጋይ የሚሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው የኳርትዝ የእጅ ሰዓት፣ ሴይኮ አስትሮን የተባለው፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 በጃፓን ለገበያ ቀረበ። በውስጡ ኳርትዝ የተባለ የማዕድን ቅንጣት አለ። በዛሬዎቹ ሰዓቶች ይህ ቅንጣት ከድንጋዩ በሚያገኘው ኃይል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ሰዓቱም ያንን ቆጥሮ ሰከንዱን ያራምዳል። ድንጋዩ ሲደክም በብዙ ሰዓቶች ላይ የሰከንድ ቆጣሪው ሁለት ወይም አራት ሰከንድ እየዘለለ መሄድ ይጀምራል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ «ድንጋዬን ለውጡልኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ሰዓቱ ከቆመ በኋላም ያለቀውን ድንጋይ ለወራት ውስጡ መተው አይገባም። ያረጀ ድንጋይ ፈሳሽ ያንጠባጥባል፣ የሚነካውንም ብረት ይበላል።

በእጅ የሚሞላ ወይም በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ሰዓት ግን ድንጋይ የለውም። እርሱን በቤት ውስጥ መክፈት አቧራ ከማስገባት በቀር የሚሰጠው ጥቅም ስለሌለ አትንኩት።

ጀርባውን እናንብብ

ሰዓቱን ገልብጣችሁ በደህና ብርሃን ተመልከቱት። የሚከተሉት አራት ዓይነቶች ናቸው።

1ኛ. ተጭኖ የሚገጠም። ጀርባው ልሙጥ ነው። ብሎንም ሆነ ጎድጓዳ ምልክት የለውም። ዳር ዳሩን በጥፍር ስትዳስሱት በአንድ ቦታ ላይ ቀጭን ክፍተት ወይም ወጣ ያለች ጠርዝ ታገኛላችሁ። ዋጋቸው ዝቅ ያለ ብዙ ባለ ቆጣሪ ሰዓቶች እንዲህ ናቸው።

2ኛ. ዞሮ የሚከፈት። በክዳኑ ዙሪያ በእኩል ርቀት የተቀመጡ ትንንሽ ጎድጓዳ ቦታዎች፣ ብዙውን ጊዜ ስድስት፣ ይታያሉ። ውኃ እንዳያስገቡ ታስበው የተሠሩ ሰዓቶች አብዛኛውን ጊዜ ክዳናቸው እንዲህ ነው። ሮሌክስ እ.ኤ.አ. በ1926 ኦይስተር ብሎ ያወጣው ታዋቂ ሰዓት ጀርባው እየዞረ የሚጠብቅ ነበር። የአባታችንም ሰዓት ከዚህ ወገን ነው። እኛ ግን ስድስቱን ጎድጓዳ ምልክቶች እያየን ጌጥ መስለውን ነበር።

3ኛ. በብሎን የተያዘ። በአራቱ ማዕዘን ትንንሽ ብሎኖች አሉት። ብዙ ወጣቶች በእጃቸው የሚያስሩት ባለ ቁጥር ካሲዮ ኤፍ-91ደብሊው፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሚሠራው፣ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

4ኛ. ጀርባው የማይከፈት። አካሉ አንድ ወጥ ሆኖ መግቢያው በመስታወቱ በኩል ነው። እንዲህ ያለውን ያለ ማመንታት ለባለሙያ መስጠት ነው።

ለየትኛው የትኛውን እንግዛ?

ተጭኖ ለሚገጠመው የሚያስፈልገው የሰዓት መክፈቻ ቢላዋ ነው። ስሙ ቢላዋ ይባል እንጂ ከማድ ቤቱ ጋር አይገናኝም። ምላጩ አጭርና ወፍራም ነው፤ ሲጫኑት አይታጠፍም፤ ጠርዙም ቀጭን ሆኖ ሳለ አይቆርጥም። እጀታው መዳፍን የሚሞላ ነው። የማድ ቤት ቢላ ግን ረጅም ስለሆነ ይለመጣል፣ ስል ስለሆነ ደግሞ ሲያዳልጥ ሥጋ ያገኛል። ስትገዙ ሁለት ነገር ፈትሹ። ምላጩን በጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ እጀታው ውስጥ የሚነቃነቅ ከሆነ ተዉት። የምላጩ ጫፍ ወፍሮ በክፍተቱ የማይገባ መስሎ ከታያችሁም ሌላ ምረጡ። አጠቃቀሙም መግፋት አይደለም። ጫፉን ክፍተቱ ውስጥ አስገብቶ ቁልፍ እንደሚያዞሩ ቀስ ብሎ ጠምዘዝ ማድረግ ነው። ክዳኑ «ጠቅ» ብሎ ይነሣል።

ዞሮ ለሚከፈተው በመጀመሪያ የምንመክረው የጎማ ኳስ ነው። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ዋጋዋ ከዝቅተኞቹ ወገን ነው፤ አንዳች ጭረትም አታደርስም። ኳሷና ክዳኑ ከቅባትና ከላብ የጸዱ መሆን አለባቸው። ጫን አድርጎ፣ ሰዓት ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ማዞር ነው። ኳሷን ካጣችሁ ሰፊ የሚያጣብቅ ፕላስተር የሚጣበቀው ጎን ወደ ውጭ ሆኖ እንደ ኳስ ቢጠቀለል ብዙ ያልጠበቀ ክዳን ይፈታል። ይህን ዘዴ ሳትሞክሩ ገንዘብ አታውጡ።

ኳሷ እምቢ ካለች ጥርስ ያለው መክፈቻ ይፈለጋል። በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ባለ ሁለት ጥርስ ሲሆን ዋጋው ቀላል ነው። ነገር ግን ክዳኑን የሚይዘው በሁለት ቦታ ብቻ ስለሆነ እጅ ትንሽ ዘንበል ካለ ያዳልጣል። ባለ ሦስት ጥርሱ፣ ባለሙያዎች ጃክሳ የሚሉት ዓይነት፣ በሦስት ነጥብ ስለሚይዝ ይረጋል። ትንሽ ጨምሮ መግዛት የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው። ርካሽ ከሆኑት ባለ ሦስት ጥርስ መክፈቻዎች ስትመርጡ ጥርሶቹን ያዝ አድርጋችሁ ነቅንቋቸው። የሚወላወሉ ከሆነ ክዳኑ ላይም ይወላወላሉ። ማጥበቂያውንም አዙሩት፤ ሳይንገጫገጭ መሄድ አለበት። ጥርሶቹ የሚለወጡ ቢሆኑ ይመረጣል፤ የአንዱ ሰዓት ጎድጓዳ አራት ማዕዘን፣ የሌላው ክብ ይሆናልና።

በብሎን ለተያዘው ትንሽ ካቻቢቴ ይበቃል። የካሲዮው ብሎን የሚፈልገው ጫፉ የመደመር ምልክት የሚመስለውን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእጁ ባለው፣ ልኩ ባልሆነ ካቻቢቴ ሲታገል ነው። ጫፉ በብሎኑ ራስ ላይ ልክ ካልተቀመጠ ብሎኑን ያላሽቀዋል። የላሸቀ ብሎን ደግሞ ባለሙያንም ያስቸግራል። ስለዚህ ጫፉን ብሎኑ ላይ አስቀምጣችሁ ሳታዞሩ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት። ቢወላወል ልኩ አይደለም።

ከእነዚህ ሌላ በአንድ ሣጥን ብዙ ዕቃ ታጭቆ የሚሸጥ አለ። የዕቃው ብዛት ዓይን ይማርካል። ይሁን እንጂ ለቤት ሥራ ከውስጡ የሚነሡት ሦስት ወይም አራት ብቻ ናቸው። የብረቱም ጥራት ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። በዚያው ገንዘብ አንድ ደህና መክፈቻ፣ አንድ ልከኛ ካቻቢቴና አንድ የፕላስቲክ ወረንጦ ብትገዙ ይሻላል።

ከመክፈት መዝጋት ይከብዳል

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። ከመጀመራችሁ በፊት ነጭ ፎጣ አጥፋችሁ ጠረጴዛ ላይ አንጥፉ። የወደቀች ብሎን ነጭ ላይ ትታያለች፤ ፎጣውም መስታወቱን ይጠብቃል። የሰዓቱን ማሰሪያ መፍታት ቢቻል ፍቱት። ሰዓቱን መዳፋችሁ ውስጥ ይዛችሁ አትክፈቱ፤ የእኛ መዳፍ ምስክር ነው። በክዳኑ ጠርዝ አጠገብ ፕላስተር ብትለጥፉ ቢያዳልጥ እንኳ የሚጫረው ፕላስተሩ ነው።

ክዳኑ ሲነሣ በየት በኩል እንደነበረ ልብ በሉ። ተጭነው በሚገጠሙት ላይ ብዙ ጊዜ ለመሙያው ዘንግ ማለፊያ የተተወ ጎድጓዳ አለ። ያ ቦታ ከዘንጉ ጋር ካልተገጣጠመ በግድ ቢጫኑት ዘንጉ ይጎዳል። ዙሪያውን የተኛውን ቀጭን የጎማ ቀለበትም አትጣሉት፤ ውኃ የሚከለክለው እርሱ ነው። ከተሰነጠቀ ይለወጣል፤ ደህና ከሆነ ወደ ቦታው በእኩል ይመለሳል። በኤፍ-91ደብሊው ውስጥ ደግሞ ለደወሉ የምታገለግል የሩዝ ፍሬ የምታህል ሞላ አለች። ክዳኑ ሲነሣ ፈናጥራ ልትጠፋ ስለምትችል ቀስ በሉ። እርሷ ከጠፋች ሰዓቱ ይሠራል፤ ደወሉ ግን አይሰማም።

ድንጋዩን ስታወጡ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ገልብጡ። ለምሳሌ 377 የሚለውና ኤስአር626ኤስደብሊው የሚለው አንድ ናቸው፤ ስፋቱ 6.8፣ ውፍረቱ 2.6 ሚሊ ሜትር ነው። ኤልአር626 የሚባለው በመጠን ይመሳሰላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ነገር ግን ቶሎ ይደክማል። ኤስአር የሚለው ከብር ውሁድ የተሠራ ሲሆን 1.55 ቮልት ይዞ እስኪያልቅ ድረስ እምብዛም አይወርድም። ኤፍ-91ደብሊው የሚወስደው ግን ባለ 3 ቮልቱን ሲአር2016 ነው። አዲሱን ድንጋይ በብረት ወረንጦ ሁለቱን ገጽ አንድ ላይ አትያዙት፤ ኃይሉ ይፈስሳል።

ተጭኖ የሚገጠመውን መልሶ መዝጋት ብዙዎችን የሚያሸንፍ ነው። በመጀመሪያ በሁለት አውራ ጣት ዙሪያውን መጫን ነው። እምቢ ካለ መዶሻ እንዳታነሡ! ለዚህ ተብሎ የተሠራ መጫኛ አለ። መጫኛው ሁለት የፕላስቲክ ክብ ሰሌዳዎች አሉት። በመስታወቱ በኩል የምታደርጉት ሰሌዳ ከመስታወቱ ሰፍቶ በሰዓቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ማረፍ አለበት። መስታወቱ ላይ ካረፈ ክዳኑ ሳይገባ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ይህን መሣሪያ ለአንድ ሰዓት ብሎ መግዛት አያዋጣም። ክዳኑ አልገባ ካለ ሰዓቱንና ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሰዓት ሠሪ መውሰድ ነውር የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ አንርሳ። በቤት የተከፈተ ሰዓት ጀርባው ላይ ውኃ አያስገባም የሚል ጽሑፍ ቢኖረውም ጽሑፉን ከእንግዲህ አትመኑት፤ በመሣሪያ አልተፈተነምና። ለዉዱእ ስትቀመጡ አውልቁት።

ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

ይህን በስሌት እንየው። ለአንድ ሰዓት ድንጋይ ማስለወጫ ሰዓት ሠሪው የሚጠይቃችሁን ዋጋ ያዙ። ከዚያ የድንጋዩን ብቻ ዋጋ ቀንሱ፤ የቀረው የእጅ ዋጋ ነው። ይህን በቤታችሁ ባሉ ሰዓቶች ቁጥር አባዙት። ባለ ቆጣሪ ሰዓት ድንጋዩ በአማካይ ሁለት ዓመት ገደማ ይቆያል፤ ኤፍ-91ደብሊው ግን ወደ ሰባት ዓመት ያደርሳል። አምስት ባለ ቆጣሪ ሰዓት ያለው ቤተሰብ በሁለት ዓመት አምስት የእጅ ዋጋ ይከፍላል። መሣሪያው ከዚህ የሚያንስ ከሆነ ግዙ። አንድ ሰዓት ብቻ ላለው ሰው ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ ሰዓት ሠሪው ይረክሳል። በዚያ ላይ ያ የእጅ ዋጋ የአንድ ባለሙያ የዕለት እንጀራ ነው።

በዋስትና ላይ ያለ፣ ለጥልቅ ውኃ የተሠራ፣ ወይም ብትለውጡት የማትተኩት ሰዓት ለልምምድ አይሆንም። ልምምድ የሚጀመረው ከቆመና ማንም ከማይፈልገው ሰዓት ነው። ጎረቤት «እስቲ ክፈትልኝ» ብሎ የሰጠንም ሰዓት አማና ነው። የራሳችንን በምንደፍርበት ድፍረት አንነካውም።

ለወላጆች

የመጨረሻው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ጠረጴዛ ላይ የተረሳች የሰዓት ድንጋይ ለሕፃን ከረሜላ ትመስላለች። ድንጋዩ ከተዋጠና ጉሮሮ ውስጥ ከተቀረቀረ፣ በተለይ እንደ ሲአር2016 ያለው 20 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው፣ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሥጋን አቃጥሎ ሊበሳ ይችላል። አልቋል የተባለው ድንጋይም ይህን ለማድረግ የሚበቃ ኃይል ይቀረዋል። ሕፃኑ ውጦ ይሆናል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እስኪያለቅስ አትጠብቁ፤ ለማስታወክም አትሞክሩ። ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱትና «የሰዓት ድንጋይ ውጧል» ብላችሁ ተናገሩ። ስለዚህ ሥራ ስትጀምሩ ድንጋዮቹን ቁጠሩ፤ ስትጨርሱም ቁጠሩ። አሮጌውን በፕላስተር ጠቅልላችሁ ሕፃን የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።

ውድ ወጣቶች! እጃችሁን ለሥራ ማስለመዳችሁን እንወደዋለን። የአባታችንን ሰዓት ጭረት ዛሬ ተማሪዎቻችን እያዩ «ምን ሆኖ ነው?» ብለው ይጠይቁናል። እኛም አንደብቃቸውም። ሰዓቱን ገልብጠን ስድስቱን ጎድጓዳ ምልክቶች እናስቆጥራቸዋለን። ከዚያ «እነዚህ ምንድን ናቸው?» ብለን እንጠይቃቸዋለን። ብዙዎቹ፣ እኛ ያን ዕለት እንዳልነው፣ «ጌጥ ናቸው» ይላሉ። ያኔ ትምህርቱ ይጀመራል።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ ኢንሻ አላህ፣ ቸር ሰንብቱ።